አካሉ የተጎዳ ሰው በሥራና በጉባኤ ስላለው ስፍራ

ምስጋና ዓለማትን ለፈጠረ፣ ሰውንም በልዩ ልዩ መልክና ኃይል ላኖረ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! አካሉ የተጎዳ ሰው በገበያችን ወይም በመስጊዳችን ደጃፍ ሲገኝ የምናደርገው ነገር በአብዛኛው አንድ ነው፤ እናዝናለን፣ ሳንቲም እንሰጣለን፣ እናልፋለን። ሰደቃ የተወደደ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ዛሬ የምንመረምረው ግን ይህ ሰው በእኛ ላይ ያለው መብት ሳንቲም ብቻ ነውን? የሚለውን ጥያቄ ነው።

ቁርኣን በሰማንያኛው ምዕራፍ፣ «ዐበሰ» በምትባለው ሱራ፣ ይህን ነገር አንሥቶታል። የቁርኣን ተርጓሚዎች እንደሚያስረዱት፣ ነቢዩ (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) በመካ ሳሉ የቁረይሽን ታላላቅ ሰዎች «ምናልባት ያምናሉ» በማለት ተስፋ አድርገው ሲያነጋግሩ፣ ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው) ደረሱ፤ ስማቸው ዐምር ነው የሚሉም ሊቃውንት አሉ። ያን ጊዜ ነቢዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ወዲያውም የወቀሳው ቃል ከሰማይ ወረደ። እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ኢብኑ ኡሚ መክቱም የመጡት ምጽዋት ሊለምኑ አልነበረም፤ አስተምሩኝ ሊሉ ነው እንጂ። ወቀሳውም የወረደው ሳንቲም ስለ ተነፈጉ ሳይሆን፣ ለሀብታሞች የተሰጠው ጆሮ ለእርሳቸው ስለ ዘገየ ነው። ብዙ ዕቃ የሚገዛ ባለጠጋና በምርኩዝ የቆመ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሱቃችን ሲገቡ ፊታችን ወዴት እንደሚዞር እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

ታሪኩ በወቀሳው አያበቃም። ነቢዩ ከቢላል ጋር አዛን እንዲያደርጉ ኢብኑ ኡሚ መክቱምን ሾሟቸው። በረመዳን ቢላል ገና ሌሊት ሳለ ይጣሩ ነበርና ጿሚው መብላትና መጠጣቱን እንዲቀጥል፣ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ሲጣሩ ግን እንዲያቆም ታዘዘ። ልብ በሉ! የጎሕን መቅደድ በዐይን አይቶ የሚታወቅ ሥራ ለማያዩት ሰው ተሰጠ። ይህስ እንዴት ሆነ? ሰዎች «ነግቷል፣ ነግቷል» ይሏቸው ነበር፤ እርሳቸውም ያን ጊዜ ይጣሩ ነበር። የጎደለውን ለመሙላት የተፈለገው የባልንጀራ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የመዲና ሕዝብም ሁሉ ጾሙን በእኒህ ዐይነ ስውር ድምፅ ላይ አመነ። ነቢዩ ለጉዞ ወይም ለዘመቻ ሲወጡም ብዙ ጊዜ በስፍራቸው ተክተዋቸው፣ በመዲና የቀረውን ሕዝብ ያሰግዱ ነበር።

ዛሬ ግን በአንዳንድ ቤት የሚደረገውን አስቡ። እግሩ የማይሄድ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ወንድሞቹ ቁርኣን ቤት ሲላኩ እርሱ «ይቅር፣ ይደክማል» ይባላል። ይህን የሚሉ ወላጆች ጨካኞች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከርኅራኄ የተነሣ ያደርጉታል። የዐምር ኢብኑል ጀሙሕ ልጆችም ከርኅራኄ የተነሣ ነበር አባታቸውን የከለከሉት። ዐምር እጅግ ያነክሱ ነበር፤ በኡሑድ ቀን ከሕዝቡ ጋር ልውጣ ባሉ ጊዜ አራቱ ልጆቻቸው «አላህ ለአንተ ፈቃድ ሰጥቶሃል» ብለው ሊያስቀሯቸው ሞከሩ። ነቢዩም ለሽማግሌው ግዴታ እንደሌለባቸው ከነገሯቸው በኋላ፣ ልጆቹ ግን እንዳይከለክሏቸው አሳሰቡ። ሊቃውንት ከዚህ የሚያወጡት ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሸሪዓ ለታመመና ለተጎዳ የሰጠው ማቃለያ ፈቃድ ነው እንጂ ክልከላ አይደለም። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል ማለት፣ ከመስጊድ ይቅር ማለት አይደለም።

ከሰሓቦች ቀጥሎ በመጣው ትውልድ ደግሞ ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕን እናገኛለን። እኒህ ሰው ጥቁር ነበሩ፤ አንድ ዐይናቸው የጠፋ፣ እጃቸው የሰለለ፣ እግራቸው የሚያነክስ ሲሆን፣ በኋላም ሁለተኛው ዐይናቸው ጠፋ። እንዲህም ሆነው የመካ ሙፍቲ ነበሩ፤ በኡመውዮች ዘመን በሐጅ ወራት ከዐጧእ በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ በአዋጅ ይነገር ነበር። ኸሊፋው ሱለይማን ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ከፊታቸው ተቀምጠው ስለ ሐጅ ሥርዓት ጠይቀዋቸዋል። ዐጧእ በሂጅራ 114 ወይም 115 ዓመት ዐረፉ። አንድ ሰው በልጅነታቸው «ይቅር፣ ይደክማል» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ የመካ ሰዎች የሐጅን ደንብ ከማን በተማሩ ነበር!

ከአገራችን ሰዎችም፣ ሃይማኖቱ ከእኛ የተለየ ቢሆንም፣ ሻምበል አበበ ቢቂላን ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግራቸው፣ በ1964ም በቶኪዮ የማራቶንን ሩጫ ያሸነፉት ሻምበል፣ በ1969 በደረሰባቸው የመኪና አደጋ እግራቸው ሽባ ሆነ። በተከታዩ ዓመት በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደሩ። እግራቸው ያስገኘላቸው ክብር ቢቀር እጃቸውን አነሡ።

የእግር ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ በኩልፎ ዳርቻ በአርባ ምንጭ ለምንኖርና ለምንነግድ ሰዎች ቅርብ የሆነ ጉዳይ አለ። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ በከተማችን አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በዚያው ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢና በሌሎችም ቀዬዎች፣ እግራቸው ያበጠና ቆዳቸው የሻከረ ሰዎች አሉ፤ ሕዝቡ የዝሆን እግር ይለዋል፣ ሐኪሞች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስለዚህ በሽታ የሚነገረው ሐሰት ብዙ ነው፤ እርግማን ነው ይባላል፣ እባብ ረግጦ ነው ይባላል፣ ይጋባል ይባላል። ከዚህም የተነሣ ሰዎች አብረዋቸው ማዕድ አይቆርሱም፣ ልጅ አይድሩላቸውም። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ በሽታው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን የደጋ ቀይ አፈር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመርገጥ ነው። የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በውስጥ እግር ቆዳ ገብቶ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስበትን ሥር ያቆስላል፤ እግርም ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። በትንኝ የሚተላለፈው የቆላው የዝሆን እግር ሌላ በሽታ ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ለበሽታው የመጋለጥ ባሕርይ በዘር ቢገኝም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ ሰው ይጠበቃል። የታመመውም እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ቢያጥብ፣ ቅባት ቢቀባ፣ ሲቀመጥ ከፍ ቢያደርገው፣ እንደ ሐኪም ምክር በፋሻ ቢጠቀልለውና ጫማ ቢያደርግ ዕብጠቱ ይቀንስለታል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል።

ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ ለሰላት የሚዘጋጅ ሰው ነውና፣ እግርን ማጠብ ለእርሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ውዱእ ብቻውን መድኃኒት ነው ብለን ግን አንደፍርም፤ ሳሙናውና ጫማው ያስፈልጋልና። ቁስል ያለበትና ውሃ እንዳይነካው ሐኪም የከለከለው ሰው በፋሻው ላይ ያብስ፤ ዝርዝሩን ዓሊም ይጠይቅ። ነገር ግን በውዱእ ስፍራ እግሩ ያበጠ ሰው ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ተነሥቶ ቢሸሽ፣ ይህ ነውር የሸሺው ነው። ኢብኑ መስዑድ ዛፍ ላይ በወጡ ጊዜ ባልደረቦች የእግራቸውን ቅጥነት አይተው ሳቁ፤ ነቢዩም እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው።

እንግዲህ ነጋዴዎች ሆይ፣ ነገሩ ወደ እናንተ ይመጣል። ኸሊፋው አል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ለእያንዳንዱ ሽባ አገልጋይ፣ ለእያንዳንዱ ዐይነ ስውር መሪ ከግምጃ ቤት መድበው ነበር። እኛ ግምጃ ቤት የለንም፤ ሱቅ ግን አለን። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሠራተኛን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከቅጥር ማግለልን ከልክሏል። ጨርቅ ለመለካት፣ ሂሳብ ለመያዝ፣ ሙዝ ቆጥሮ ለማስረከብ ሁለት ጤነኛ እግር አያስፈልግም። መቅጠር ያልወደደ በቂራድ ይዋዋል፤ ይህም አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ድካም የሚያወጣበት ሽርክና ነው። አንተ 20,000 ብር ብታወጣና ባልንጀራህ ነግዶ 6,000 ብር ቢያተርፍ፣ እኩል ከተዋዋላችሁ ለእያንዳንዳችሁ 3,000 ብር ይደርሳል። ያለ ጥፋቱ ቢከስር ኪሳራው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ እርሱ ድካሙን ከስሯል። «በየወሩ ይህን ያህል አምጣልኝ» ብሎ ቁርጥ ማድረግ ግን ውሉን ያፈርሰዋል።

አንዳንድ ሰው «ዐይነ ስውር መነገድ አይችልም» ብሎ የሻፊዒይን መዝሀብ ይጠቅሳል። በእርግጥ በዚህ መዝሀብ ዐይነ ስውር ያላየውን ዕቃ መሸጡና መግዛቱ አይጸናም፤ ምክንያቱም እንዳይታለል ነው። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሐንበሊ ሊቃውንት ግን በመዳሰስ፣ በማሽተት፣ በመቅመስ ወይም በተሟላ መግለጫ ካወቀው ይጸናል ብለዋል። ሻፊዒዮችም ቢሆኑ ከንግድ አላስወጡትም፤ ወኪል ያድርግ አሉ እንጂ። ወኪሉን የሚመርጠውም ዐይነ ስውሩ ራሱ ነው።