የመኖሪያ ቤት ጭማሪ ከቦታው ጋራ ተስማምቶ ስለሚሠራበት መንገድ

ልጅ ሲዳር ወይም ቤተሰብ ሲበዛ ባላገሩ ከቀድሞው ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል መጨመር ግድ ይሆንበታል። በደጋው አገር ብዙው መኖሪያ በተዳፋት ላይ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ቦታውን ሳይመረምሩ መቈፈር አዲሱን ክፍል ብቻ ሳይሆን አሮጌውንም ቤት ለጥፋት ያደርሳል። ስለዚህ ምክር የሚጠየቅ የወረዳ ሹም ገመድ ዘርግቶ ከማስለካቱ አስቀድሞ ውሃው ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሊመለከት ይገባዋል። ከቦታው ጋራ የተስማማ ቤት ማለት ለዓይን ያማረ ብቻ አይደለም፤ ተዳፋቱና ዝናሙ የማይጣሉት ቤት ማለት ነው።

አንደኛ፤ ስለ ቦታው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ደልዳላ ቦታ ለማግኘት ሲባል ከቤቱ በላይ ያለውን ዐፈር ቈርጦ መጣል ነው። የተቈረጠው ዐፈር ክረምት ሲገባ ይናዳል፤ ውሃውም ከግድግዳው ሥር ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ምሰሶው ይበሰብሳል፥ ጭቃውም ይለቃል። ይልቁንስ ጭማሪው ረዘምና ጠበብ ብሎ ተዳፋቱን በአግድም ይከተል። ወለሉም ከቀድሞው ወለል ጋራ እኩል ይሁን ተብሎ ብዙ አይቈፈር፤ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አይጐዳም። ከቤቱ በላይ ፈሰስ ይቀደድ፤ ዝቅታውም በ100 ክንድ ርዝመት ከ1 ክንድ አይብለጥ፤ ከዚህ የበለጠ እንደ ሆነ ውሃው ዐፈሩን ይጠርጋል። መጨረሻውም ሣር ወዳለበት ይሁን እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አይለቀቅ፤ ከዚህ የተነሣ ጠብና ክስ ይመጣልና።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው የኮንሶ አገር ነው። ሕዝቡ ኮረብታውን ሳይደለድል፥ ያለ ጭቃ በተደረደረ ድንጋይ እርከን ሠርቶ ያርሳል፤ መንደሩንም በድንጋይ ቅጥር ያጥራል። ከእርከኑ አንዳንዱ ከፍታው እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህም የኮንሶ ሥራ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋራ ተመዝግቧል።

ሁለተኛ፤ ስለ ዕቃው።

ዕቃው ከአቅራቢያው ይገኝ። በላሊበላ የቀድሞዎቹ ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ከዚያው ከአገሩ ድንጋይ ተሠርተው በሣር ተከድነዋል፤ የዶርዜም ሰው ቤቱን በደጋው ከሚበቅለው ቀርከሃ ይጐነጉናል። እንደዚሁ ለመሠረቱ የአካባቢው ድንጋይ፥ ለግድግዳው ከጤፍ ጭድ ጋራ ተረግጦ የቦካ ጭቃ ይበቃል። ጽድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን የአገር ዛፍ ስላነሰ፥ ቋሚውን ከመቍረጥ ከፈረሰ ቤት የተገኘውን እንጨት መልሶ ማቆም ወይም በባሕር ዛፍ መሥራት ይሻላል። ልስኑም በዚያው ቦታ ዐፈር የሆነ እንደ ሆነ ቤቱ ከምድሩ መልክ አይለይም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጣራው።

በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ርዝመቱ 6 ሜትር፥ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ቦታ የሚሸፍን የቆርቆሮ ጣራ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም ሲቀበል 480 ሊትር ያፈስሳል፤ ይህም 200 ሊትር ከሚይዝ በርሜል ሁለቱን ሞልቶ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ውሃ በአሮጌው ግድግዳ ሥር የፈሰሰ እንደ ሆነ ቤቱ ብዙ ክረምት አይቈይም። ስለዚህ የአዲሱ ጣራ ዘንበልታ ከአሮጌው ቤት ወደ ውጭ ይሁን፤ በአሸንዳም ተጠልፎ ለጓሮ አትክልት ይጠራቀም። አዲስ ግድግዳ በራሱ ክብደት ጥቂት ስለሚሰምጥ ከአሮጌው ጋራ አይያያዝ፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሰው የሚያልፍበት መተላለፊያ ተትቶ በትንሽ ክዳን ይሸፈን።

አራተኛ፤ ስለ መስኮቱ።

ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስለምትገኝ፥ ብርድ በሚበረታበት በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደጋ አገር መስኮቱ በደቡብ በኩል ቢከፈት ክፍሉ ያለ ማገዶ ይሞቃል።

ሥራው ሁሉ በበጋ ተጀምሮ ዝናም ሳይጥል ይፈጸም። ፈሰሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይቀደድ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፥ ሹሙ ቦታውን መጐብኘት የሚገባው ችካል ሳይተከል ነው፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ የሚመጣ ምክር ለባላገሩ አይጠቅመውም።