«እንዲህ ያለ ፈንክሽን የለም» የሚለው የፖስትግሬስ ኤረር ከየት ይመጣል?

የዳታቤዝ ኮርስ ለምትወስዱ ሁሉ፦ በፖስትግሬስ ስትሠሩ አንድ ቀን ይህ ኤረር ያጋጥማችኋል። ፈንክሽኑ አለ፣ ስሙንም በትክክል ጽፋችኋል፤ ዳታቤዙ ግን የለም ይላችኋል። እኔ በፕሮጀክት ሥራ አንድ ምሽት ሙሉ የፊደል ስህተት ስፈልግ አድሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢንቲጀር አሬይ አላችሁ እንበል። በካውንት የቆጠራችሁትን ቁጥር በአሬይ_አፔንድ ልትጨምሩበት ትሞክራላችሁ። ካውንት የሚመልሰው ግን ኢንቲጀር ሳይሆን ቢግኢንት ነው። እስከ ቨርዥን 13 ድረስ ይህ ፈንክሽን የሚቀበለው «ኤኒአሬይ» እና «ኤኒኤለመንት» ነበር። ስማቸው «ማንኛውም» ቢልም ትርጉማቸው «የፈለጋችሁት ዓይነት ይሁን፣ ሁለቱ ግን አንድ ይሁኑ» ነው። የቴክስት አሬይ ውስጥ ቫርቻር መፈለግ እንኳ በዚሁ ምክንያት ይከለከል ነበር።

በ2020 የወጣው ቨርዥን 13 «ኤኒኮምፓቲብል» የተባሉ ዓይነቶችን አመጣ። በ2021 ደግሞ ቨርዥን 14 እነሱን ለአሬይ_አፔንድ፣ ለአሬይ_ካት፣ ለአሬይ_ፖዚሽን፣ ለአሬይ_ሪሙቭ እና ለመሰሎቻቸው ሰጣቸው። አሁን ፈንክሽኑ ለሁለቱ የሚሆን የጋራ ዓይነት ይፈልጋል፤ ኢንቲጀርና ቢግኢንት ሲገናኙ ውጤቱ የቢግኢንት አሬይ ይሆናል። ኢንቲጀርና ቴክስት ግን ዛሬም አይታረቁም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የፈተና ውጤት የምትይዙበት ኮለም የኢንቲጀር አሬይ ነው፤ ውስጡ 15 እና 18 አለ። 17.5 ትጨምራላችሁ። ድሮ ኤረር ይሰጣችሁ ነበር። አሁን ፈንክሽኑ የኑመሪክ አሬይ ይመልሳል። በአፕዴት ወደ ኮለሙ ሲገባ ግን ዳታቤዙ ቁጥሩን ወደ ኢንቲጀር ይለውጠዋል፤ 17.5 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 18 ይሆናል። 17.4 ቢሆን ኖሮ ተማሪው 17 ይዞ ይቀር ነበር! የፈንክሽኑን ውጤት በፒጂ_ታይፕኦፍ ብታዩት ዓይነቱ መቀየሩን ይነግራችኋል። መፍትሔው ግን ኮለሙን ከመጀመሪያው ኑመሪክ ማድረግ ነው።

ከ13 ወይም ከዚያ በፊት ከነበረ ቨርዥን የምታሻሽሉ ደግሞ፣ በአሬይ_አፔንድ ላይ የተመሠረተ የራሳችሁ አግሪጌት ካላችሁ ከማሻሻላችሁ በፊት አጥፉትና በኋላ በአዲሶቹ ዓይነቶች እንደገና ፍጠሩት።