ነጋዴ በመንገድ ሳለ ላፕቶፑን ከዋይ ፋይ ጋር ስለሚያገናኝበት መንገድ

ለንግድ ሥራ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንግዡ የሚሄድ ነጋዴ በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ ያለ ገመድ የሚሠራውን ኢንተርኔት፥ ማለት ዋይ ፋይን ያገኛል። አገልግሎቱ ከደንበኛና ከባንክ ጋር ለመጻጻፍ እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለሁሉ የተከፈተ ስለ ሆነ ጥንቃቄ ያሻዋል።

፩ኛ/ የሆቴሉ ስም በላፕቶፑ ላይ ስለ ታየ ብቻ መሥመሩ የሆቴሉ ነው ማለት አይደለም፤ ማንም ሰው በስልኩ ያንኑ ስም ሰጥቶ ሌላ መሥመር ሊከፍት ይችላልና። ስለዚህ ትክክለኛውን ስም ከእንግዳ ተቀባዩ ጠይቆ መረዳት ይገባል።

፪ኛ/ በዊንዶውስ የሚሠራ ላፕቶፕ ከሆነ የመሥመሩን ዓይነት «የሕዝብ» ብሎ መምረጥ ነው፤ ያን ጊዜ በመሥመሩ ላይ ላሉት ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዳይታይ ይደረጋል።

፫ኛ/ የመግቢያው ገጽ የክፍል ቁጥር ቢጠይቅ የተለመደ ነው፤ የኢሜይል ወይም የባንክ የይለፍ ቃል ቢጠይቅ ግን ወዲያው መውጣት ያስፈልጋል። የቡና ላኪን የይለፍ ቃል ያገኘ ሌባ በላኪው ስም ለገዢው «የሂሳብ ቁጥራችን ተለውጧል» ብሎ ቢጽፍ፥ የቡናው ዋጋ ወደ ሌባው ኪስ ይገባል።

፬ኛ/ የባንክ ሥራ በራስ ስልክ ኢንተርኔት ቢከናወን ይመረጣል። የሂሳብ ቁጥር ለውጥ የሚያስታውቅ ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴም አስቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጥ ገንዘብ አይላክ፤ የተላከን ከማስመለስ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይቀላልና።