ከጐርፍ በኋላ ያለው ሥራ

ጐርፍ ባንድ ሌሊት መጥቶ ባንድ ሌሊት ይሄዳል። እሱ ያፈረሰውን መልሶ ማቆም ግን የዓመታት ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ስለዚያች ሌሊት እንጂ ስለ ኋለኞቹ ዓመታት ስንነጋገር አንሰማም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ይህንኑ የተዘነጋውን ክፍል ነው፤ ይኸውም ጐርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ኑሮውን እንደገና እንዲያቋቁም የአካባቢው አስተዳደር፥ ማለት ከተማውና ቀበሌው፥ ምን ሊያደርግለት ይገባል? የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር የድሬ ዳዋን አደጋ ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን።

ሀ. የአደጋው ሁኔታ

ድሬ ዳዋን ያየ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ደቻቱ ከተማውን ከሁለት ይከፍለዋል፤ ባንድ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛል። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ውኃ የሌለበት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ዳሩ ግን ጐርፉን የሚያመጣው ዝናም በብዛት የሚዘንበው በስተ ደቡብ ካለው ደጋ ላይ ነው። ደኑ የተመነጠረው ተራራ ውኃውን ሊይዝ ስለማይችል፥ በከተማው ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ጐርፍ ሊደርስ ይችላል።

ከሐምሌ 29 ወደ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በነጋው ሌሊት ሕዝቡ በተኛበት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎችም ከመኖሪያቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ለተፈናቃዮችም አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማው ጐርፍ እንደገና ሰው ገድሏል። ስለዚህ ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ለ. ሦስቱ የእርዳታ ደረጃዎች

የጐርፍ እርዳታ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ነፍስ ማዳን ነው። በዚህ ጊዜ ጎረቤቱም፥ ወታደሩም፥ ሐኪሙም ሳይጠሩት ይሮጣል። ሁለተኛው መጠለያና ቀለብ መስጠት ነው። በድሬ ዳዋ ተፈናቃዮቹ በትምህርት ቤትና በድንኳን ተጠልለው ነበር። ትምህርት ቤት ግን በክረምት ባዶ ነው እንጂ መስከረም ሲጠባ ተማሪው ይመጣል። የመጠለያው ዕድሜ ከመጀመሪያውም አጭር መሆኑን አስተዳደሩ አስቀድሞ ማሰብ አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛው መልሶ ማቋቋም ነው። እዚህ ላይ ሲደረስ ጋዜጠኛው ወደ ሌላ ወሬ ሄዷል፤ እርዳታ ያመጣው መኪናም ተመልሷል። ከተጐጂው ጋር የሚቀረው ቀበሌው ብቻ ነው። መልሶ ማቋቋም ሲባል ደግሞ ቤት ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊው መኪናውን፥ እንጀራ ሻጯ ምጣዷን፥ ባለጋሪው ፈረሱን አጥቷል። መታወቂያውን፥ የቤት ካርታውን፥ የትምህርት ማስረጃውን ውኃ የወሰደበትም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ማስረጃህን አምጣ» ማለት ጐርፉን ሁለተኛ ጊዜ መልቀቅ ነው።

ሐ. የመዝገቡ ነገር

እርዳታ ሁሉ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። የተጻፈ ይረዳል፤ ያልተጻፈ ይረሳል። ቀበሌው የፈረሱ ቤቶችን ቈጥሮ «አንድ ቤት» ብሎ ሲጽፍ፥ በዚያ ቤት ውስጥ ባለቤቱ፥ ክፍል የተከራየ ቤተ ሰብና ደባል ይኖሩበት እንደ ነበር ከመዝገቡ አይታይም። ቤቱ ሲሠራ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ተከራዩ ግን ከገጠር መጥቶ መታወቂያ ያላወጣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ የት እንደ ገባ የሚጠይቀው የለም። ድሀ በወንዝ ዳር የሚከራየው ቦታው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ ይበልጥ ለአደጋው የቀረበው ሰው ለመዝገቡ ከሁሉ የራቀ ይሆናል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አንደኛ፥ የሚቈጠረው ግድግዳ ሳይሆን ሰው ይሁን። ሁለተኛ፥ የቀበሌው መዝገብ ከሰፈሩ ዕድር መዝገብ ጋር ይተያይ፤ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደ ነበር የዕድሩ ጸሐፊና ጎረቤቶቹ ያውቃሉ። ሦስተኛ፥ ዝርዝሩ በአደባባይ ተለጥፎ የቀረም፥ ያለ አግባብ የገባም ካለ አቤቱታ ይሰማበት። በስውር የተሠራ ዝርዝር ቅን እንኳ ቢሆን ይታማል።

መ. ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3፥ መንግሥት አደጋን የመከላከልና ለተጐጂዎች እርዳታ በጊዜው የማድረስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ እርዳታው ምጽዋት አይደለም። በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል።

እነዚህን ሁለት አንቀጾች አንድ ላይ ማንበብ ይገባል። አስተዳደሩ «ከእንግዲህ በወንዙ ዳር ቤት አይሠራም» ብሎ ቢከለክል ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሰው ሕይወት ከቦታ ይበልጣልና። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ከቦታው የሚያርቀው ውኃው ብቻ ሳይሆን ውሳኔውም ጭምር ነው። እንግዲህ በእኛ አስተያየት ሰውየው የእርዳታ ተቀባይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ባለ ካሣም ይሆናል። የሚሰጠውም ቦታ ከሥራው፥ ከገበያውና ከልጆቹ ትምህርት ቤት እጅግ የራቀ ከሆነ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ እዚያው ወንዝ ዳር መገኘቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሠ. የእኛ ድርሻ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። ጐርፍ የሚበዛው በክረምት፥ እኛም ወደየአገራችን በምንመለስበት ወራት ነው። ሕግ የሚማረው አቤቱታ መጻፍ፥ ምሕንድስና የሚማረው የተሰነጠቀ ግድግዳ መመርመር፥ ጤና የሚማረው የጒድጓድ ውኃ እንዳይጠጣ ማስተማር ይችላል። ሌላው ሁሉ ቢቀር፥ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ከቀበሌው ጸሐፊ ጋር ቤት ለቤት ዞሮ «እዚህ ቤት ሌላ ማን ይኖር ነበር?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። ያቺ አንዲት ጥያቄ የአንድን ቤተ ሰብ ስም ከመዝገብ ልታገባ ትችላለች።