አራስ ስንጠይቅ ምን እንጠይቃለን?

የጥናት ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 4፥19–22

በአገራችን አራስ መጠየቅ የቆየ መልካም ልማድ ነው። ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤት እልል ይላል፥ ገንፎ ይገነፋል፥ አጥሚት ይፈላል፤ አራሷም ብቻዋን አትተውም። ይህን ልማድ ልንጠብቀው ይገባል። ነገር ግን «መጠየቅ» ማለት ሄዶ ማየት ብቻ አይደለም፤ አፍ አውጥቶ መጠየቅም ነው። በየማኅበረ ምእመናኑ ስንዘዋወር ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፥ ሕፃኑም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናያለን። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ መልሷን የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው።

በጥናት ክፍላችን የፊንሐስ ሚስት የአማቷንና የባሏን ሞት በሰማች ጊዜ ምጥ ይዟት ወለደች። በአጠገቧ የነበሩት ሴቶች ወንድ ልጅ መውለዷን ነግረው ሊያጽናኗት ሞከሩ። ንግግራቸው ክፉ አልነበረም። እርስዋ ግን አልመለሰችላቸውም፤ አካሏ ለሞት ቀርቦ፥ ልቧም በኀዘን ተሰብሮ ነበርና። እንግዲህ ስለ ሁለቱም መጠየቅ እንማር።

1. ስለ አካሏ

በወሊድ ምክንያት ከሚሞቱ እናቶች ብዙዎቹ የሚሞቱት ከወለዱ በኋላ ነው፤ ከሁሉ የሚያሠጋውም የመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በጤና ተቋም የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው እንድትቆይ፥ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፥ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፥ እንዲሁም በ6ኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል።

እኛም እንዲህ ብለን እንጠይቃት፦ ደም በብዛት ይፈስሻልን? ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ይልሻልን? ራስሽን አጥብቆ ያምሻልን፥ ዐይንሽስ ይደበዝዛልን? መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ አለን? ሆድሽን ያምሻልን? እግርሽ አብጦ ያምሻልን? ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ ጸሎታችንን በመንገድ ላይ እያደረግን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሳት። ሽንት ያለ ፈቃዷ የሚያመልጣት እናትም በኀፍረት እንዳትደብቀው እንንገራት፤ ሕክምና አለው።

2. ስለ ልቧ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ እናቶች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ካለፈ፥ እንቅልፍ ካጣች፥ ምግብ ካስጠላት፥ ለልጁም ፍቅር የለኝም ካለች፥ ሕመም ነው። በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች ከአምስቱ አንዷ ያህል የአእምሮ ጤና ችግር፥ በተለይም የመንፈስ ጭንቀት ይደርስባታል። «ዐይንሽን በዐይንሽ አይተሽ ምን ያስለቅስሻል?» ማለት ሕመሟን እንድትሸሽግ ያደርጋታል። የእምነት ማነስ ነው ብሎ መውቀስም ሸክም ይጨምርባታል። እንጸልይላት፤ ወደ ሐኪምም እንውሰዳት። ራሷን ወይም ልጁን ልትጎዳ ካሰበች፥ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፥ ለአፍታም ብቻዋን አትተው፤ በዚያው ቀን ትታከም።

ልጁ የሞተባትን እናት ደግሞ አንርሳ። እልልታ ስለሌለ ጠያቂዋ ጥቂት ነው። ነገር ግን እርስዋም አራስ ናት፤ ትደማለች፥ ጡቷም ወተት ይሞላል። ገንፎው ለእርስዋም ይገባታል።

3. በእጃችን

ጉብኝታችን አጭር ይሁን። ውኃ እንቅዳ፥ እንጨት እናቅርብ፥ ልብስ እንጠብ፤ ሕፃኑን ይዘን እርስዋ ትተኛ። ባልም ሌሊት ልጁን ይቀበላት። የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ከተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተመካክራችሁ፥ በአካባቢያችሁ ያሉትን አራሶች በየሳምንቱ ቁጠሩ።

ለመወያያ

ሀ. ሴቶቹ ለፊንሐስ ሚስት ምን ሊሏት ይችሉ ነበር?
ለ. በማኅበራችን በዚህ ወር የወለዱት እነማን ናቸው? ልጅ የሞተባትስ አለችን?
ሐ. ሌሊት አንዲት እናት ደም ቢፈሳት የማን መኪና፥ የማንስ ትከሻ ተዘጋጅቷል?