የተዋናይት እንባ

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ለተከታታይ ድራማ ተፈትኜ ነበር። ማልቀስ አቃተኝ። አዘጋጁ «ቤትሽ የደረሰብሽን ኀዘን አስቢ» አለኝ። ባስብም እንባው አልመጣ አለ።

አንጋፋዋ፦ እንኳን አልመጣ! ኀዘንሽ የራስሽ ነው፤ ለሥራ ብለሽ አደባባይ አታውጪው። እኛን መጀመሪያ ያስጠኑን ትንፋሽ ነበር። የብሔራዊ ትያትር አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ዛሬ ልብሳችሁ ውስጥ የምትደብቁት ማይክሮፎን አልነበረንም። ሹክ ስትይ እንኳ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ተመልካች መስማት አለበት፤ ይህ ደግሞ ከጩኸት ይከብዳል። ቀጥሎ ማዳመጥ ይመጣል። አብሮሽ የሚጫወተው ሰው የሚለውን በቃልሽ ብታውቂውም፣ ዛሬ ገና እንደ ሰማሽው ሆነሽ መስማት አለብሽ። ጀማሪ አያዳምጥም፤ ተራው እስኪደርስ የራሱን ቃል በልቡ ያነበንባል። ዓይኑ ያሳብቅበታል።

ወጣቷ፦ ያኔ ለሴት መድረክ ላይ መውጣት ይከብድ ነበር?

አንጋፋዋ፦ የከበደው ከእኛ በፊት ለነበሩት ነው። በቀደመው ጊዜ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ትያትር በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ተውኔት፣ በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት እንኳ ሴት ልጅ ተዋናይ መሆኗ ገና ያልተለመደ ነበር። የወጣችውን ሰው በክፉ ስም ይጠራታል፣ ቤተሰብ ያፍርባታል። አስናቀች ወርቁ ያንን ሁሉ ችላ ካለፉት አንዷ ናት። በ2004 ዓ.ም. አረፈች፤ ዛሬ ስሟ ሲነሣ ግን የሚቀድመው ክራሯና ቁንጅናዋ ነው። የተዋናይነት ድካሟን አንሥቶ የሚያወራ ስንት ሰው ታውቂያለሽ?

ወጣቷ፦ በእርስዎም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል?

አንጋፋዋ፦ ደርሷል እንጂ። ልጇ የሞተባትን እናት እጫወት ነበር። የሟቹን ልብስ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡላታል። በልምምዱ መጀመሪያ ላይ ጥቅሉን እንዳየሁ እጮህ ነበር። አዘጋጁ አስቆመኝና «እናትየዋ እኮ ገና አላመነችም» አለኝ። ጩኸቱን አወጣነው። በምትኩ ልብሱን አንድ በአንድ እንዳጥፍ ተስማማን። ሱሪውን አጥፌ ሸሚዙን ሳነሣ አንድ ቁልፍ ተበጥሷል። መርፌና ክር አምጡልኝ እላለሁ። እንባው የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ይህችን አጭር ትዕይንት ለማግኘት ሳምንታት ፈጅቶብናል። ሱሪው ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ፣ ቁልፉ የጎደለበትን ቦታ ጣቴ መቼ እንደሚነካው፣ ትንፋሼ የት እንደሚቋረጥ፣ ሁሉም የተለካ ነበር።

አዳራሹ አለቀሰ። በዚያው ሰሞን ትዳሬ ፈርሶ ነበር። አንድ ጋዜጣ ያለቀስኩት ባሌን አስቤ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! ገበያ ስወጣ ሴቶች እጄን ይዘው «አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ይሉኛል። በቅንነት ነው፤ እነሱን አልቀየምም። የጻፈውን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልማርኩትም። በዚያው ትዕይንት ባሌን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይም ያለቅስ ነበር። እሱን በችሎታው አወደሱት፤ ቤቱ ሰላም ይሁን አይሁን የጠየቀው የለም። የእኔን ድካም ግን ለሄደ ባል ሰጡብኝ። ያን ምሽት ስለ ትዳሬ አስቤ ቢሆን ኖሮ መርፌና ክሩን መጠየቅ በረሳሁ ነበር!

ወጣቷ፦ መልስ አልሰጡም?

አንጋፋዋ፦ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አላወጡትም። ከዚያ ወዲህ ሳንሱሩም አለፈ፣ መንግሥትም ተለወጠ፣ ቪዲዮውም ሲኒማውም መጣ፤ እኔም እየሠራሁ ጡረታ ወጣሁ። ሊያነጋግረኝ የሚመጣ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከዚያ ወሬ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትያትርን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ብዙ ዘመን አልፏል። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ትጫወታለች፣ ትጽፋለች፣ ታዘጋጃለች፤ በስደት ሳለች ዋሽንግተን ላይ የጣይቱ የባህል ማዕከልን አቋቁማለች። ይህ ሁሉ እየታየ ተዋናይት ማለት ስሜቷ የሚፈስላት ሴት ናት የሚለው አነጋገር አልጠፋም። ማሰቧን፣ መለካቷን፣ መምረጧን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ወጣቷ፦ ልጆችስ? መድረኩና ቤቱ እንዴት ተስማሙ?

አንጋፋዋ፦ እናቴ ናት ያስማማቻቸው። ትያትር ባለብኝ ቀን ልጆቹን አብልታ ታስተኛልኝ ነበር። እሷ ባትኖር መድረኩን ትቼ ቢሮ እገባ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ቢጻፍ ደስ ይለኛል፤ የስንት ጎበዝ ተዋናይት ሥራ የተቋረጠው ማታ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ነው።

ወጣቷ፦ ስለዚያ ትዕይንት ምን ብለው ቢጠይቁዎ ይወዱ ነበር?

አንጋፋዋ፦ ጩኸቱን ለምን አወጣችሁት? ሸሚዙን ማን መረጠው? ቁልፉ እንዲጎድል ያሰበው ማን ነው? ይህን የመጨረሻውን ቢጠይቁኝ፣ እኔ ነኝ እላቸው ነበር።