ያልፈለገችው ኮሚቴ፦ የሸርሊ ቺዝም የፖለቲካ ሕይወት



ባልመረጥነው ዲፓርትመንት የተመደብን ብዙ ስለሆንን፣ የዛሬዋ ባለታሪካችን ሩቅ አትሆንብንም። ሸርሊ ቺዝም ሙስሊም አልነበረችም። በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

በ1924 ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ከካሪቢያን ስደተኞች ተወለደች፤ የልጅነቷን የተወሰኑ ዓመታት ባርቤዶስ አያቷ ዘንድ አሳልፋለች። ሙያዋ የሕፃናት መምህርነት ነበር። በኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት ሳለች ሲክ የተባለው ፕሮግራም እንዲቋቋም ታግላለች፤ በድህነትና በደካማ ትምህርት ቤት ያለፉ ተማሪዎች የከተማው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የትምህርትና የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙበት ነው። ዛሬም አለ።

ኮንግረስ ስትገባ የተመደበችው እርሻ ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ያውም ደንና የገጠር መንደሮችን በሚመለከተው ክፍል! የመረጣት ሕዝብ ግን ፎቅና አስፋልት መካከል የሚኖር የከተማ ድሃ ነው። በዘመኑ ልማድ አዲስ ገቢ የሰጡትን ተቀብሎ ዝም ይላል። እሷ ግን መጀመሪያ አፈ ጉባኤውን አነጋገረች፤ መፍትሔ ስታጣ በፓርቲዋ አባላት ፊት ተነሥታ ተቃወመች። ወደ ቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኮሚቴ ተዛወረች። ይህም የመጀመሪያ ምርጫዋ አልነበረም፤ ቢያንስ ግን ብሩክሊን ውስጥ የቀድሞ ወታደር ሞልቷል። የምትፈልገው የትምህርትና የሥራ ኮሚቴ ውስጥ የገባችው በ1971 ነው። ልብ በሉ፦ ጉዳይዋን በኮሪደር ሐሜት አልጨረሰችውም፤ የሚመለከተው ሰው ዘንድ ሄዳ ተናገረች፣ ከዚያም ሠርታ ጠበቀች።

በ1972 የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዝዳንት እጩ ለመሆን ተወዳደረች። ገንዘብ አልነበራትም፤ ብዙ ጥቁር ወንድ ፖለቲከኞችም ሸሿት። ከቆዳ ቀለሟ ይልቅ ሴትነቷ የበለጠ እንቅፋት እንደሆነባት ትናገር ነበር። በጉባኤው ያገኘችው 152 ድምፅ ነው።

በዚያው ዓመት ተፎካካሪዋ ጆርጅ ዋላስ በጥይት ተመትቶ ሽባ ሆነ። ዋላስ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው እንዲኖሩ አጥብቆ ይሟገት የነበረ የአላባማ ገዥ ነው። ቺዝም ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀችው። ደጋፊዎቿ ተቆጡ፤ ብዙዎቹ ነገሩን እንደ ክህደት ቆጠሩት። እኛ የታመመን መጠየቅ ሐቅ መሆኑን ስለምናውቅ ጉብኝቱ ላይገርመን ይችላል፤ ግን ክብራችንን ለካደ ሰው ማድረጉ ለማናችንም ቀላል አይደለም።

በ1974 የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ የቤት ሠራተኞችንም እንዲያካትት ስትታገል፣ ዋላስ የደቡብ ተወካዮችን ድምፅ በማግኘት እንደረዳት ይነገራል። ሕጉ ጸደቀ። የሸርሊ እናት ራሷ በሰው ቤት የሠራች ሴት ነበረች።

በ1983 ኮንግረስን ለቅቃ ወደ ማስተማር ተመለሰች።

ለቀጣዩ ውይይታችን፦ በሷ ቦታ ብትሆኑ ዋላስን ለመጠየቅ ትሄዱ ነበር? ደጋፊዎቻችሁንስ ምን ትሏቸው ነበር?